ከጭቃ ሜዳ መካከል ድንጋይ ፍለጋ፦ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አዲስ የቀይ ስናፐር ስፍራ እንዴት ይገኛል?

ከቴክሳስ እስከ ፍሎሪዳ ባለው የአሜሪካ ደቡባዊ ጠረፍ ፊት ለፊት የተዘረጋው የባሕር መሬት በአንድ ጊዜ ወደ ገደል የሚገባ አይደለም። በአንዳንድ ቦታ ከዳርቻው ተነሥቶ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ እየተዳፋ ከሄደ በኋላ ነው ወደ ጥልቁ ባሕር የሚወርደው። ይህ ሰፊ ተዳፋት በአብዛኛው ጭቃ፣ ደለልና አሸዋ ሲሆን፣ ሚሲሲፒን የመሰሉ ወንዞች ለብዙ ሺህ ዓመታት ጠርገው ያመጡት አፈር ተኝቶበታል። በዚያ ሜዳ ላይ መንጠቆውን የጣለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ከእርሱ መቶ ሜትር ርቃ ግን የአንድ ክፍል ቤት ስፋት ያላት ድንጋይ ብትኖር፣ ዓሣው በእርሷ ዙሪያ ተሰብስቦ ይገኛል። በዚያ አካባቢ አዲስ የማስገሪያ ስፍራ መፈለግ ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ድንጋይ መፈለግ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የሚፈለገውም ሥጋው ነጭና ጣፋጭ፣ ዋጋውም ውድ የሆነው ቀይ ስናፐር ነው።

ሪፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሞቃትና ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚያድገውን ባለ ብዙ ቀለም ኮራል ነው። አጥማጆች ቃሉን ከዚህ አስፍተው ይጠቀሙበታል፤ ከአካባቢው መሬት ከፍ ያለ፣ የጠነከረ፣ ስንጥቅና ጥላ ያለው ማናቸውም ነገር ለእነርሱ ሪፍ ነው። የጥንት ኮራል አጽም፣ የኖራ ድንጋይ ጠርዝ፣ የሰመጠ መርከብ ወይም የነዳጅ ማውጫ ማማ እግር ሊሆን ይችላል። ከፍታው ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ የድንጋይ ጠርዝ እንኳ፣ በዙሪያው ለብዙ ኪሎ ሜትር ሌላ ነገር ከሌለ፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ዓሣው እዚያ የሚሰበሰብበትን ምክንያት ያልተረዳ ሰው ፍለጋውንም ሊረዳው አይችልም። በሚንቀሳቀስ ጭቃ ላይ ተጣብቆ ሊኖር የሚችል ፍጥረት ጥቂት ነው። በጠንካራ ነገር ላይ ግን ስፖንጆች፣ ለስላሳ ኮራሎችና ቅርፊት ያላቸው ጥቃቅን እንስሳት ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው ትናንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች ይሸሸጋሉ፤ ከመሬቱ ከፍ ያለው ነገር የውኃውን ፍሰት ስለሚያውክም ጥቃቅን ምግቦች በዙሪያው ይሽከረከራሉ። ቀዩ ስናፐር ግን የሚመገበው ከድንጋዩ ላይ ብቻ አይደለም። ሽሪምፑን፣ ሸርጣኑን፣ ስኩዊዱንና ትናንሹን ዓሣ በአብዛኛው የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ጭቃና አሸዋ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ቤቱ፣ ጭቃው ደግሞ ማሳው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሜዳ መካከል ብቻዋን የቆመች ትንሽ ድንጋይ፣ እርስ በርሳቸው ከተጠጋጉ ብዙ ድንጋዮች መካከል ካለችው ይልቅ ለመጠኗ ብዙ ዓሣ የምትይዝበት አጋጣሚ አለ። ዓሣውም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ውኃው በሚመጣበት በኩል ነው፤ ይህች ትንሽ ዕውቀት በኋላ ጀልባውን የት ማቆም እንደሚገባ ስንመለከት ትጠቅመናለች።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ስናፐር ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ቦታ አያሳልፍም። በመጀመሪያው ዓመት የሚኖረው በዛጎል ስብርባሪ በተሸፈነ ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው። ከሁለተኛ ዓመቱ ጀምሮ ከፍ ወዳሉት ድንጋዮችና ማማዎች ይጠጋል፤ አጥማጆች በብዛት የሚይዙት በዚህ ዕድሜው ያለውን ነው። አድጎና ከብዶ ሌላ ዓሣ እንዳይበላው የማይሰጋበት ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ብዙው ከድንጋዩ እየራቀ በሜዳው ላይ ይበታተናል። ቀይ ስናፐር ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው። ዛሬ ከአንዲት ድንጋይ አጠገብ የወጣ አንድ ትልቅ ዓሣ ከያዘው ሰው በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ድንጋዮቹ ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ የት መፈለግ እንዳለበት ስለሚጠቁም ሰፋ አድርገን ብናየው ይጠቅማል። በቴክሳስና በሉዊዚያና ፊት ለፊት ያለው ታሪክ የሚጀምረው በጨው ነው። ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ መሬቱ እየተሰነጠቀ የዛሬው ባሕረ ሰላጤ ሲከፈት፣ ወደ ስንጥቁ የገባው የባሕር ውኃ በተደጋጋሚ እየተነነ እጅግ ወፍራም የጨው ንጣፍ ጥሎ ሄደ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአፋር የዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ የሚታየው፣ አሞሌ ሲቆረጥበት የኖረው የጨው ሜዳም የቀይ ባሕር ውኃ ወደሚሰነጠቀው መሬት እየገባ በመትነኑ የተፈጠረ ነው። በባሕረ ሰላጤው ግን ከጨዉ በላይ ወንዞች በሺህ የሚቆጠር ሜትር ውፍረት ያለው ደለል ጫኑበት። ጨው ከተጫነው ድንጋይ የቀለለና በከባድ ጭነት ሥር እንደ ሊጥ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ባገኘው ደካማ ቦታ እየገፋ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲወጣም የባሕሩን መሬት እንደ ጉብታ አነሣው። በጉብታው ጫፍ ላይ ብርሃን የሚደርስ ከሆነ ኮራል ይበቅልበታል፤ ካልደረሰም ስፖንጅና ጥልቅ ውኃ የሚወድ ኮራል ይይዘዋል።

ከእነዚህ ጉብታዎች በጣም የታወቁት ከጋልቬስተን ከተማ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት ፍላወር ጋርደን የሚባሉት ናቸው። ስሙ የአበባ አትክልት ስፍራ ማለት ሲሆን፣ ያወጡትም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ የነበሩ የስናፐር አጥማጆች ናቸው፤ በጥሩ ውኃ ከጀልባቸው ላይ ሆነው ወደ ታች ሲመለከቱ ያማረ ቀለም ይታያቸው ነበር። የጉብታዎቹ ጫፍ ከውኃው ገጽ 18 ሜትር ያህል ብቻ ሲርቅ፣ በዙሪያቸው ያለው መሬት ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ሳይንቲስቶች ቦታውን በሚገባ ከማጥናታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት አጥማጆቹ በመንጠቆ አውቀውት ነበር። ስፍራው በ1992 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ በ2021 ደግሞ ጥበቃው ተስፋፍቶ 17 ጉብታዎችን እንዲይዝ ተደረገ።

ወደ ምሥራቅ፣ በሚሲሲፒና በአላባማ ፊት ለፊት ሲደረስ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ በምድር ላይ ብዙ ውኃ በበረዶ ታስሮ በነበረበት ዘመን፣ የባሕሩ ጠለል ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። በረዶው እየቀለጠ ባሕሩ ሲመለስ በየመካከሉ ቆም እያለ ነው የወጣው፤ በቆመበት ዘመን በዳርቻው የበቀሉት ሪፎችና የተከመሩት የባሕር ዳርቻ አሸዋዎች ጠንክረው ዛሬ በጥልቅ ውኃ ውስጥ በመስመር ተደርድረው ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ አጥማጅ በተወሰነ ጥልቀት ላይ አንድ ጠርዝ ካገኘ፣ ያንኑ ጥልቀት ተከትሎ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም መፈለጉ ዕድልን ከመሞከር የተሻለ ነው፤ የድሮ ዳርቻ አንድ ቦታ ብቻ አይቆምምና። በአላባማ ጠረፍ አቅራቢያ በ18 ሜትር ጥልቀት ላይ ከ50,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የረግረግ ዛፎች ጉቶ ሳይበሰብስ መገኘቱም መሬቱ አንድ ወቅት ደረቅ እንደነበር የሚያሳይ ነው። በ2004 አካባቢውን የመታው ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ አሸዋውን ጠርጎ እንዳጋለጣቸው ይታመናል። ማዕበል አንዱን ስፍራ ሲያጋልጥ ሌላውን እንደሚቀብርም ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከዚያ አልፎ የምዕራብ ፍሎሪዳ መሬት በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ጉብታ ሳይሆን ዝቅተኛ ጠርዝ፣ ስንጥቅና ጉድጓድ ነው።

መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ይህን ሁሉ የሚፈልጉት በእጃቸው ነበር። ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በተለይ ከ1870ዎቹ ጀምሮ፣ ከሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የመጡ አጥማጆች ፔንሳኮላ በተባለችው የፍሎሪዳ ወደብ ሰፍረው በሸራ መርከቦች ስናፐር ያወጡ ነበር። የፍለጋው ዋና መሣሪያ በረጅም ገመድ ጫፍ የታሰረ እርሳስ ነው። ከእርሳሱ ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ሞራ ወይም ሳሙና ይጠቀጠቅበታል፤ ገመዱ ጥልቀቱን ሲነግራቸው፣ ሞራው ላይ ተጣብቆ የሚወጣው ነገር የመሬቱን ዓይነት ይነግራቸዋል። ጭቃ ከወጣ ይቀጥላሉ፤ የዛጎል ስብርባሪ ወይም የኮራል ቁራጭ ከወጣ ይጠነቀቃሉ፤ ሞራው ንጹሕ ሆኖ ነገር ግን ተጭኖና ተቧጥጦ ከመጣ ድንጋይ ነክቷል ማለት ነው። በገመዱ ላይ መንጠቆም ያስሩ ነበርና፣ ዓሣ ሲይዝላቸው ወዲያው ቦታውን በምልክት ይዘው መርከቡን ያቆማሉ። ይህን የሚሠራው መርከበኛ እጁ በገመዱ በኩል የሚሰማው ስሜት ዛሬ እኛ በመሣሪያው መስታወት (ስክሪን) ላይ የምናየውን ያህል ይነግረው እንደነበር አልጠራጠርም።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል። ለፔንሳኮላ የቀረቡት ስፍራዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመኑ፤ ሳይላስ ስተርንስ የተባለ የከተማው የዓሣ ነጋዴ በ1880ዎቹ ስለ ስናፐር ማስገር ሲጽፍ ይህን መዝግቧል። መርከቦቹ አዲስ ስፍራ ፍለጋ ይበልጥ እየራቁ ሄዱ፤ በ1885 የአሜሪካ መንግሥት የዓሣ ኮሚሽን አልባትሮስ የተባለችውን የምርምር መርከቡን ወደ ባሕረ ሰላጤው ልኮ የስናፐር ስፍራዎችን አስመረመረ። በመጨረሻም መርከቦቹ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው በሜክሲኮ ዩካታን ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ካምፔቼ ዞሩ። ወደብ ላይ የሚራገፈው ዓሣ ስላልቀነሰ ገበያው ምንም እንዳልሆነ ሊሰማው ይችል ነበር፤ በቅርብ ያለው ባዶ መሆኑን የሚያውቁት መርከበኞቹ ናቸው። አዲስ ስፍራ ማግኘት የአሮጌውን መራቆት የሚሸፍን መጋረጃ ሊሆን ይችላል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

የዛሬው ፈላጊ ዓይን ድምፅ ነው። በጀልባው ሆድ ላይ የተገጠመው መሣሪያ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከባሕሩ መሬት ነጥሮ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። በባሕር ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 75 ሜትር ወርዶ 75 ሜትር ለመመለስ የሚፈጅበት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን እየደጋገመ በመስታወቱ ላይ ሥዕል ይሠራል። ጠንካራ መሬት ድምፁን አጉልቶ ስለሚመልስ መስመሩ ወፍራምና ደማቅ ይሆናል፤ አንዳንዴም ድምፁ ከውኃው ገጽ ነጥሮ እንደገና ወርዶ ስለሚመጣ፣ በእጥፍ ጥልቀት ላይ ሁለተኛ መስመር ይታያል። ለስላሳ ጭቃ ድምፁን ስለሚውጠው ሁለተኛው መስመር ይደክማል ወይም ይጠፋል። በእኔ ግምት ጀማሪ ሰው ዓሣውን ከመፈለጉ በፊት ይህንን ሁለተኛ መስመር ማንበብ ቢለማመድ ይሻለዋል፤ ዓሣው ዛሬ ላይኖር ይችላል፣ መሬቱ ግን ነገም እዚያው ነው። ዓሣው ራሱ የሚታየው በሆዱ ውስጥ ባለው የአየር ከረጢት ምክንያት ነው፤ ከሥጋው ይልቅ አብዛኛውን ድምፅ የሚመልሰው ይህ አየር ነው። ስናፐር በድንጋይ ላይ ሲሰበሰብ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እንደ ጎጆ ክዳን እየሾጠጠ የሚሄድ ምልክት ይሠራል።

መሣሪያው ግን የማያየው ብዙ ነገር አለ። ድምፁ የሚወርደው እንደ መብራት ጮራ እየሰፋ ነው። የጮራው ስፋት 20 ዲግሪ ቢሆን በ60 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚሸፍነው ክብ ስፍራ ዲያሜትሩ 21 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ ምንም ሳይቀር ለማየት 48 ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ወደ አምስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜና የዚያን ያህል ነዳጅ ይጠይቃል። ባሕረ ሰላጤው ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ነው። ወደ ጎን የሚያይ ሶናር (በድምፅ የሚያይ መሣሪያ) በአንድ ማለፍ ሰፋ ያለ ቦታ ቢሸፍንም፣ በትናንሽ ጀልባ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ስለሚጠቀም ጥልቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ኃይሉ ይዳከማል። በተዳፋት መሬት ላይም ችግር አለ፤ መሣሪያው መሬት ብሎ የሚያስበው ቀድሞ የተመለሰለትን ድምፅ ስለሆነ፣ ከተዳፋቱ በታች ተጠግቶ የቆመ ዓሣ ከመሬቱ መስመር ጋር ተዋሕዶ ይሰወራል። በመስታወቱ ላይ ምንም ስላልታየ ቦታው ባዶ ነው ብሎ መደምደም ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በጭፍን መመላለስ የማያዋጣ ከሆነ ፍለጋው የሚጀመረው ገና ከወደብ ሳይወጡ፣ በካርታ ላይ ነው ማለት ነው። እኩል ጥልቀት ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች በሚጠጋጉበት ቦታ መሬቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ መስመሩ ድንገት እንደ ጣት ወጣ ብሎ የሚመለስበት ወይም ብቻውን ክብ የሚሠራበት ቦታ ጉብታ ወይም ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። የነዳጅ ኩባንያዎች የምድርን ውስጥ ለማየት ያሰባሰቡት መረጃም ረድቷል፤ በ2017 የአሜሪካ መንግሥት ከዚህ መረጃ በመነሣት የሰሜናዊውን ባሕረ ሰላጤ ጥልቅ ክፍል 12 ሜትር በ12 ሜትር በሆኑ 1.4 ቢሊዮን ነጥቦች የሚያሳይ ካርታ ይፋ አድርጓል። ይህ ዝርዝር ካርታ የሚሸፍነው ግን ጥልቁን ክፍል ነው። ስናፐሩ የሚኖርበት ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነው መሬት ብዙ ቦታ ላይ እስከ ዛሬ በዚህ ደረጃ አልተለካም፤ ከባሕር ዳር በጥቂት ሰዓት ጉዞ የማይታወቅ ድንጋይ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ከካርታ የማይተናነስ ሌላ የዕውቀት ምንጭ አለ፤ እርሱም የሽሪምፕ አጥማጆች ማስታወሻ ደብተር ነው። እነዚህ ሰዎች መረባቸውን በባሕሩ መሬት ላይ እየጎተቱ ስለሚሄዱ፣ ድንጋይ ወይም ስብርባሪ ሲይዝባቸው መረቡ ይቀደዳል፤ ከዚያ ወዲያ እንዳይደገም ቦታውን ይጽፉታል። ለእነርሱ የኪሳራ መዝገብ የሆነው ነገር ለስናፐር አጥማጅ የሀብት ዝርዝር ነው። ነገር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ መረቡ ሲይዝ ጀልባው የነበረበት ቦታ ሲሆን መረቡ ደግሞ ከጀልባው በስተኋላ በመቶ ሜትሮች ርቆ ይጎተታልና፣ ድንጋዩ የሚፈለገው ከተጻፈው ቁጥር ላይ ሳይሆን ከእርሱ ኋላ፣ ጀልባዋ ከመጣችበት አቅጣጫ ነው። አቅጣጫው ካልተጻፈ በዙሪያው ሁሉ መፈለግ የግድ ይሆናል።

ወቅትም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። ከአሜሪካ የእርሻ መሬት በሚሲሲፒ ወንዝ የሚወርደው ማዳበሪያ በየዓመቱ በሞቃታማዎቹ ወራት በሉዊዚያና ፊት ለፊት የሚገኘውን የታችኛውን ውኃ ኦክስጅን ያሳጣዋል፤ በ2017 ይህ ስፍራ 22,720 ኪሎ ሜትር ካሬ ደርሶ ነበር። በዚያ ክልል ውስጥ ያለች ጥሩ ድንጋይ በሐምሌ ባዶ ሆና ብትገኝ ጥፋቱ የድንጋይዋ አይደለም።

ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ሲገኝ የሚደረገው ሙከራ ቀላል ነው። ቦታው በጂፒኤስ ይያዛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ወይም ዝግ ብሎ ጀልባው ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚንሳፈፍ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ላይኛው በኩል ተመልሶ መንጠቆው ሲወርድ ድንጋዩ ላይ በሚደርስበት መንገድ ይጣላል። ዓሣው የሚቆመው ውኃው በሚመጣበት በኩል ነው ያልነው እዚህ ይጠቅማል፤ ጀልባዋ በቀጥታ ከድንጋዩ በላይ ሆና መንጠቆ ቢጣል፣ እስኪወርድ ድረስ ፍሰቱ ወስዶት ከዓሣው በስተኋላ ያርፋል። ጥቂት ዙር ከተሞከረ በኋላ ምንም ካልያዘ በሌላ ሰዓት ወይም ፍሰቱ በተለወጠ ጊዜ መመለስ ይገባል። ዝቅተኛ ጠርዝ አንድ ቀን ባዶ፣ በሌላው ቀን ሙሉ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነው።

ሰው ራሱ የሠራቸውንም ስፍራዎች መጥቀስ ያስፈልጋል። በአላባማ የጀልባ ካፒቴኖች በ1950ዎቹ መጀመሪያ 250 የመኪና አካላትን ባሕር ውስጥ ጥለው ሰው ሠራሽ ሪፍ ጀመሩ፤ በኋላ መርከቦች፣ በ1990ዎቹም 100 ያህል አሮጌ የጦር ታንኮች ተጨመሩ። በተፈቀደላቸው ክልል ውስጥ ግለሰቦችም የራሳቸውን ሪፍ እያስመረመሩ ይጥላሉ፤ ቦታውንም በምስጢር ይይዛሉ። ወደ ምዕራብ ደግሞ የነዳጅ ማማዎች አሉ። ከአንድ ትውልድ በፊት ወደ 4,000 የሚጠጉ ነበሩ፤ ዛሬ ከ2,000 በታች ወርደዋል። ሥራቸውን ሲጨርሱ መነሣት ስላለባቸው፣ በየዓመቱ የታወቁ የማስገሪያ ስፍራዎች ይጠፋሉ። ከ500 በላይ የሚሆኑት ብቻ ተቆርጠው ወይም ተጋድመው በሪፍነት እንዲቀሩ ተደርጓል። እነዚህ ነገሮች አዲስ ዓሣ ያፈራሉ ወይስ የነበረውን ወደ አንድ ቦታ ይሰበስባሉ የሚለው ክርክር ረጅም ነው። እኔ ሁለቱም እውነት እንዳለባቸው አምናለሁ፤ ዓሣን በቀላሉ ለመያዝ ማመቻቸታቸው ግን አያከራክርም።

ከሁሉም መሣሪያ ይበልጥ ነገሩን የለወጠው ግን በእኔ አስተያየት ጂፒኤስ ነው። ቀደም ሲል ሎራን ሲ በተባለው የሬዲዮ ዘዴ ወደ ስፍራው ተጠግቶ መመለስ ቢቻልም፣ ትንሽ ድንጋይን እንደገና ማግኘት ችሎታ ይጠይቅ ነበር። ለሲቪል ተጠቃሚ የሚሰጠው የጂፒኤስ ምልክትም ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ይህን ማዛባት ግንቦት 2000 መጀመሪያ ላይ አቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይን ማወቅ ማለት ሁለት ቁጥሮችን መያዝ ማለት ሆነ። አንድ ካፒቴን በሃያ ዓመት ልፋት ያከማቸው ዕውቀት በአንድ ደቂቃ ሊገለበጥ ቻለ፤ ምስጢሩ ሲወጣም ወደዚያች ድንጋይ በአንድ ቅዳሜ አሥር ጀልባ ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ወደ ፔንሳኮላ ነጥብ መመለስ አለብኝ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የስናፐሩ ክምችት ክፉኛ እንደተጎዳ ታወቀ፤ ለዚህም ከአጥማጆቹ ባሻገር የሽሪምፕ መረቦች ግልገሎቹን አብረው ማውጣታቸው ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ጥብቅ ገደቦች ወጥተው ዓሣው እያገገመ ነው። በቴክሳስ ተመራማሪው ግሬግ ስተንዝ የመሩት፣ በኮንግረስ ገንዘብ የተካሄደ ትልቅ ቆጠራ በ2020 ይፋ ሲሆን፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ቀይ ስናፐሮች 110 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ አመለከተ፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው 36 ሚሊዮን ሦስት እጥፍ ነው። በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች ሲመረምሩት ለአንዳንድ አካባቢዎች ዝቅ እንዲል ተደርጓል። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቦታው ነው፤ ከዓሣው ብዙው የተገኘው በታወቁት ሪፎችና ማማዎች ላይ ሳይሆን ማንም በዝርዝር ባልለካው መሬት ላይ ተበታትኖ ነበር።

ይህ ግኝት አዲስ ስፍራ ለሚፈልግ ሰው ደስ የሚያሰኝ ቢመስልም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ያ የተበታተነው ዓሣ እስከ ዛሬ የቆየው ማንም ስላላገኘው ነው፤ ከመካከሉም ትልልቆቹና አሮጌዎቹ ብዙዎች ናቸው። በባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የሚጠቀስ አንድ ስሌት፣ 61 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት አንዲት ስናፐር የምትጥለው እንቁላል 42 ሴንቲ ሜትር ያላቸው 212 ስናፐሮች ከሚጥሉት እንደሚተካከል ያሳያል። አዲስ የተገኘች ድንጋይ በመጀመሪያው ቀን የምትሰጠው ታላላቅ ዓሣ ነው፤ እነርሱ ከወጡ በኋላ ትናንሾች ይተኳቸዋል፤ ድንጋይዋ ሙሉ ትመስላለች፣ የቀድሞው ዓይነት ዓሣ ግን እስኪመለስ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። የተራቆተችውን ድንጋይ ትቶ ወደሚቀጥለው መሄድ የሸራ መርከቦቹን መንገድ መከተል ነው፤ ልዩነቱ፣ እኛ የምንደርሰው በጣም በፈጠነ ሁኔታ መሆኑ ብቻ ነው።

ትንሽ ሆኖ የተያዘውን ወይም ከገደቡ በላይ የሆነውን መመለስም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በ40 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከውኃው ገጽ አምስት እጥፍ ነው። ዓሣው ወደ ላይ ሲጎተት በአየር ከረጢቱ ያለው አየር ወደ አምስት እጥፍ ይሰፋል፤ ሆዱ ተነፍቶ ጨጓራው በአፉ ሊወጣ፣ ዓይኑም ሊፈጥጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ዓሣ ቢለቀቅ መስመጥ አቅቶት ይንሳፈፋል፤ ዶልፊን ወይም ሻርክ ይበላዋል። መድኃኒቱ በክብደት ታስሮ ዓሣውን ወደ ጥልቁ መልሶ የሚለቅ መሣሪያ ነው፤ ግፊቱ ሲመለስ አየሩም ይጠባል። በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለ የፌደራል ሕግ በባሕረ ሰላጤው የሪፍ ዓሣ የሚያጠምድ ጀልባ ሁሉ ይህን ወይም አየር ማስተንፈሻ መርፌ ዝግጁ አድርጎ እንዲይዝ አስገድዶ ነበር። በመርፌ የሚጠቀም ሰው በአፍ የወጣውን ጨጓራ መውጋት የለበትም፤ የሚወጋው ከጎን ክንፉ ጀርባ ነው።

ከመውጣት በፊት የተከለሉ ስፍራዎችንም ማወቅ ግዴታ ነው። በፍላወር ጋርደን በመንጠቆ ማጥመድ ቢፈቀድም መልሕቅ መጣል ክልክል ነው፤ አንድ መልሕቅ ለብዙ መቶ ዓመታት ያደገ ኮራል ሊሰብር ይችላልና። በፍሎሪዳ በኩል ደግሞ ማዲሰን ስዋንሰንና ስቲምቦት ላምፕስ የተባሉት ስፍራዎች፣ ጋግ የተባለው የግሩፐር ዓሣ ዝርያ ለመራባት የሚሰበሰብባቸው በመሆናቸው ከ2000 ጀምሮ ተጠብቀዋል።

አዲስ ድንጋይ ያገኘ ሰው በመጀመሪያው ቀን ማስታወሻው ላይ ሊጽፍ የሚገባው ከቁጥሩ በተጨማሪ ጥልቀቱን፣ የፍሰቱን አቅጣጫ፣ የውኃውን ሙቀት፣ ሰዓቱን፣ የያዘውን ዓሣ ብዛትና የእያንዳንዱን ርዝመት ነው። ጥቂት ወስዶ፣ መልሕቅ ሳይጥል፣ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ይተዋት። ሲመለስ አስቀድሞ ማነጻጸር ያለበት ምን ያህል እንደያዘ ሳይሆን ርዝመቱን ነው፤ አማካይ ርዝመቱ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ አጥሮ ከተገኘ፣ ያችን ድንጋይ እስከሚቀጥለው ዓመት ይተዋት።